የእናቴ ሲኒ ተሰበረ፤ በወርቅ ልጠግነው ወይስ ሥራ ልሥራበት?

ረከቦት (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት። ከማንበብ በቀር ብዙ አልጽፍም፤ ዛሬ ግን የከነከነኝ ነገር አለ።

እናቴ ስድስት ሲኒ ነበራት። ነጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን የወርቅ መስመር፣ ሆዱ ላይ ትንንሽ ሰማያዊ አበባ አለው። የሰርጓ ስጦታ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ አራት ቀርቶ ነበር። እሷ ስታርፍ ሦስት። ባለፈው እሑድ ቡና አፍልቼ ረከቦቱን ሳነሳ አንዱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። አራት ቦታ ሆነ። ከከንፈሩ ላይ የወጣውን የጥፍር ያህል ፍንካች ደግሞ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። አክስቴ «ክፉውን ይዞ ይሂድ» ብላ መጥረጊያ ይዛ መጣች። «ተዪው» አልኳት። ለቅሜ በነጠላ ጫፍ ቋጠርኩት።

ማታ ስልኬ ላይ ጃፓኖች የተሰበረ ሸክላ በወርቅ ሲጠግኑ የሚያሳይ ቪዲዮ መጣልኝ። ኪንትሱጊ ይሉታል። ልጅቷ ኢፖክሲ ሙጫ ከወርቃማ ዱቄት ጋር አዋሕዳ ለጠፈችና በ20 ደቂቃ ጨረሰች። ደስ ብሎኝ ማየት ጀመርኩ፤ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ሥነ ጥበብ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ የመመረቂያ ሥራ አለብኝ። እውነተኛው አሠራር ምንድን ነው? ቡና ይጠጣበታል? ደግሞስ ከዚህ ተነሥተው ሥራ የሠሩ ሰዓሊዎችና ቀራጺዎች ካሉ ማንን ልይ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ቶኪዮ_ነኝ

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር።

እኔ እዚህ ለትምህርት መጥቼ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሬ ውስጥ ካሉ አንዲት አሮጊት ጠጋኝ ዘንድ ስምንት ወር ተምሬያለሁ። የጎደለብሽን እኔ የማውቀው ይመስለኛል። ቪዲዮው ላይ ወርቁ መጀመሪያ መጣ። በእውነተኛው ሥራ ወርቅ መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ ያውም እንደ አቧራ ብን ተደርጎ። «ኪን» ወርቅ ነው፣ «ትሱጊ» መጋጠም። ስሙ የወርቅ ይሁን እንጂ ሥራው የሙጫ ነው።

ሙጫው ኡሩሺ ይባላል። ዛፉ ተበጥቶ የሚደማው ነው። አንድ ዛፍ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያድጋል። ከዚያ በአንድ ወቅት እየተበጣ 200 ግራም ገደማ ይሰጥና ይቆረጣል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ብሩሽ ላይ የቀረችውን ጠብታ እንኳ ለመጥረግ እጄ ይከብደዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስባሪውን ታጥቢያለሽ። የተሰበረውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ትነኪዋለሽ፤ በተለይ እንዳንቺ ሲኒ ዓይነት ለስላሳ ከሆነ ሙጫው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውኃ አቡክተሽ ጥሬ ኡሩሺ ትጨምሪበታለሽ። እንደ ማስቲካ እስኪሳብ ድረስ ታሺዋለሽ። በሁለቱም ጠርዝ ላይ በስሱ ትቀቢና ትንሽ ቆይተሽ ታጋጥሚያለሽ። እዚህ ላይ ነው ትንፋሽ የሚያዘው። ጥፍርሽን በመጋጠሚያው ላይ ስታሳልፊው መሰናከል የለበትም። የፀጉር ያህል ከፍ ካለ፣ የመጨረሻው ቁራጭ ሲመጣ ቦታ ያጣል።

ከዚያ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ኡሩሺ እንደ ቀለም አይደርቅም። የሚጠነክረው እርጥበት ሲያገኝ ነው። አየሩ ሞቅ ያለ፣ እርጥበቱም ከመቶ 70 በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ የራሰ ጨርቅ ያለበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ታስቀምጪዋለሽ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቆያል። ትርፉን ትፍቂያለሽ። ክፍተቱን በደቃቅ አፈርና በኡሩሺ ትደፍኚያለሽ። እንደገና ሳጥን። ጥቁር ኡሩሺ በመስመሩ ላይ፤ እንደገና ሳጥን። ትለቂያለሽ፤ እንደገና ትቀቢያለሽ። በመጨረሻ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀይ መስመር ታሰምሪያለሽ። እሱ ገና ሲነኩት የመጣበቅ ነገር እያለው የወርቁን ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ትነሰንሺበታለሽ። ሲጠነክር በለስላሳ ድንጋይ ወይም በዓሣ ጥርስ ይወለወላል።

የእኔ የመጀመሪያ ሳህን ከጥቅምት እስከ የካቲት ፈጀ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ ያንን የኢፖክሲውን ገዝቼ ሠርቻለሁ። ከፋብሪካ የሚመጣ ሙሉ ዕቃ ነው፤ ሙጫ፣ ጓንት፣ የወርቅ ቀለም ያለው ዱቄት። ዱቄቱ ወርቅ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ምግብ እንዳይቀርብበት ይላል። ለአበባ ማስቀመጫ ተጠቀምኩበት፣ ያምራል። ቡና ግን አልቀዳበትም። ረከቦት፣ ልትጠጪበት ከሆነ በኢፖክሲ አትጀምሪው።

ረከቦት

ቶኪዮ_ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በእውነተኛው ኡሩሺ ከተሠራ ይጠጣበታል ማለት ነው? እርጥበቱስ? አዲስ አበባ ነኝ።

ቶኪዮ_ነኝ

አዎ፤ ኡሩሺ በደንብ ከጠነከረ በኋላ ምግብ ይቀርብበታል። ጃፓኖች ሾርባ የሚጠጡበት ጥቁርና ቀይ የእንጨት ሳህን ሁሉ እሱ የተቀባ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አይገባም፤ ሲታጠብም በለስላሳ ስፖንጅ ነው።

ስለ እርጥበቱ፣ ዕድለኛ ነሽ፤ ክረምት እየገባ ነው። በበጋ ቢሆን አዲስ አበባ ላይ ያስቸግርሽ ነበር። ሌሊት ሌሊት ቅዝቃዜው ያዘገየዋልና ሳጥኑን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አድርጊው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ፤ እባክሽ በቀላሉ አትለፊው። ጥሬው ኡሩሺ ቆዳ ያሳክካል፤ ያሳብጣልም። ዛፉ ከማንጎና ከቁንዶ በርበሬ ዛፍ (ቅመሙ አይደለም፤ በየግቢው የሚተከለው ዛፍ) ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የማንጎ ልጣጭ ከንፈራቸውን የሚያሳብጣቸው ሰዎች የበለጠ ይጠንቀቁ። እኔን በሁለተኛው ሳምንት ክንዴ ላይ ወጣብኝ፤ ለዐሥር ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ወፍራም ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሺ።

ገል_ለቃሚ

ወርቁ ከየት መጣ ለሚለው አንድ ነገር ልጨምር፤ ኢንተርኔቱ ላይ የሚዞረው ታሪክ ግማሹ ተዘሎ ነውና።

ታሪኩ እንዲህ ይባላል። አሺካጋ ዮሺማሳ የተባለ የጃፓን ሾገን (የጦር አለቃና ገዢ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1436 እስከ 1490 የኖረ) የሚወደው የሸክላ የሻይ ጣሳ ተሰነጠቀበት። ወደ ቻይና ላከው። በብረት ማያያዣ ተሰፍቶ መጣ። አስቀያሚ ሆኖ ታየውና የአገሩን ባለሙያዎች ሌላ መላ ፈልጉ አላቸው። እነሱም በወርቅ ጠገኑት። እንግዲህ ኪንትሱጊ ከዚያ ተወለደ ይላሉ።

የሚገርመው ግን ጣሳው ዛሬም አለ። ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ስሙ ባኮሃን ይባላል። አረንጓዴ-ሰማያዊ፣ አፉ እንደ አበባ የተከፈለ፣ ቻይና ሎንግቻን ምድጃ የተሠራ። ወርቅም የለበትም! ብረቶቹ እንደተሰኩ ናቸው። ስሙ ራሱ የመጣው ማያያዣዎቹ አንበጣ ስለሚመስሉ ነው።

ኢቶ ቶጋይ የሚባል ሊቅ በ1727 የጻፈው ደግሞ ሌላ ነው። ዮሺማሳ ወደ ቻይና የላከው «ይህን የመሰለ ሌላ ስጡኝ» ብሎ ነው። ቻይናዎቹም አሁን ይህን የመሰለ መሥራት አንችልም ብለው፣ ያንኑ ሰፍተው መለሱት። እንግዲህ አስቡት። ብረቱ የንቀት ምልክት አልነበረም፤ ምትክ ስላልተገኘለት የተደረገለት ክብር ነው። ጃፓኖችም እነዚያን ብረቶች ወደዷቸው፤ ስም አወጡላቸው፤ እስከ ዛሬ አልነቀሏቸውም።

በሙጫ መጠገን ራሱ ከዮሺማሳ በሺህ ዓመታት የሚቀድም ነገር ነው። ጃፓን ውስጥ ጆሞን በሚባለው በጥንቱ ዘመን ሸክላ ላይ በኡሩሺ የተጠገነ ስንጥቅ ተገኝቷል። ወርቁ በኋላ፣ ከሻይ ሥነ ሥርዓቱ ጋር የተጨመረ ነው።

እግረ መንገዴን፣ «ሲኒ» የምንለው ቃል ከዐረብኛው «ሲኒ» የመጣ ነው። «የቻይና» ማለት ነው። ድሬዳዋ አቅራቢያ ሐርላ በተባለው ቦታ በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮ ከመሬት ውስጥ የቻይና ሸክላ ስባሪ ወጥቷል። እኔ በሙያዬ ገል ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ስባሪ እጄ ላይ ሳደርግ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ማን ጣለው?» ነው። የተጠገነ ስባሪ ሲገጥመኝ ግን «ማን አልጣልም አለ?» እላለሁ። ረከቦት፣ ነጠላሽ ውስጥ የቋጠርሽው ለኔ እንደዚያ ያለ ነገር ነው።

ሰዓሊ_ከፒያሳ

ገል_ለቃሚ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እኔም ተማሪዎቼን ያንኑ የሾገኑን ታሪክ ነበር የምነግራቸው። አሁን አስተካክላለሁ።

ረከቦት፣ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሥራ የሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ልቤን የነኩትን ብቻ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የደቡብ ኮሪያዋ ዪ ሱክዮንግ። ኮሪያ ውስጥ የድሮውን ሸክላ አስመስለው የሚሠሩ ሊቆች አሉ። ከምድጃ ሲወጣ ትንሽ እንከን ካዩበት እዚያው ይሰብሩታል። እሷ ያንን ስባሪ ለቅማ ታመጣለች። ከዚያ የማይገናኙትን ታገናኛለች። የአንዱን አንገት ከሌላው ሆድ፣ የዘንዶውን ራስ ከአበባው ጋር። መጋጠሚያውን በኢፖክሲ ይዛ በ24 ካራት ወርቅ ትሸፍነዋለች። የሚወጣው ነገር ማሰሮ አይደለም። ያበጠ፣ እንደ አረፋ የተደራረበ፣ ሕይወት ያለው የሚመስል አካል ነው። በኮሪያኛ ደግሞ «ገም» የሚለው ድምፅ ስንጥቅም ነው፣ ወርቅም ነው። አየሽ፣ ቋንቋዋ ራሱ ሥራውን አስጀመራት። በፈረንጆቹ 2017 ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ ያቀረበችው 5 ሜትር ገደማ ቁመት ነበረው።

ሁለተኛው ቡከ ደ ቭሪስ ነው። ሆላንዳዊ ነው፤ ለንደን ይኖራል። ሙያው ሸክላ ጥገና ነበር። በአውሮፓ ጥሩ ጠጋኝ ማለት ስብራቱ እንዳይታይ የሚያደርግ ነው። ዓመታት እንደዚያ ሲሠራ ቆየ። ከዚያ ስብራቱን ማሳየት ጀመረ። አንዱን ሥራውን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። የማሰሮውን ቅርጽ በጥርት ያለ መስታወት አሠርቶ፣ የማሰሮውን ስባሪ ውስጡ ያስቀምጠዋል። ቅርጹ አለ፣ ማሰሮው አለ፤ አንድ ላይ ግን አይደሉም። ሐዘን ቤት የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

በ2012 ደግሞ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ባለው ሆልበርን ሙዚየም ረጅም የግብዣ ጠረጴዛ አቀረበ። መሐሉ ላይ ከነጭ ስባሪ የተሠራ የአቶም ቦምብ ደመና፤ ግራና ቀኙ ትንንሽ የሸክላ ሰዎች ሲዋጉ። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ከጦርነት በፊት መኳንንት የሚያደርጉትን ግብዣ አስቦ ነው የሠራው።

ሌላም አለ። የቤይጂንጉ ሊ ሻውፌንግ የጥንት ሳህን ስባሪ በሽቦ ሰፍቶ ልብስ ይሠራል። ቀሚስ፣ ካፖርት። ቅርብ ብለሽ ስታዪው እያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዙ ተፈጭቶ በስሱ ተበስቷል። አሜሪካዊቷ ሬቸል ሰስማን ደግሞ የአስፋልትና የወለል ስንጥቅ በወርቅ ሞልታለች።

ፍንካች

ሰላም። እኔ ጥያቄ አለኝ፣ ምናልባት ቅር የሚያሰኝ ይሆናል። ሆን ብሎ ሰብሮ በወርቅ መጠገን ትክክል ነው? በየሱቁ አሁን የሚሸጡት ደህና ሳህን በመዶሻ መትተው የጠገኑትን ነው። ለኔ ይህ ነገር ውሸት ነው። ያልደረሰበትን ጠባሳ የሚያሳይ ሰው ይመስለኛል።

ሰዓሊ_ከፒያሳ

ፍንካች፣ ጥያቄህ ቅር አያሰኝም። ግን ነገሩ ከጥንትም አለ። ፉሩታ ኦሪቤ የተባለ የሻይ ሊቅ፣ በ1615 የሞተ፣ አንድ ትልቅ የኮሪያ ጣሳ ለእጁ በዝቶበት በመስቀል ቅርጽ አራት ቦታ ቆረጠው። ትንሽ ከጠርዙ ቀንሶ መልሶ አጋጠመው። ጣሳው ዛሬ ቶኪዮ ሚትሱይ ሙዚየም ውስጥ አለ። ስሙም «መስቀል» ነው። ሆን ብሎ ነው የሰበረው። ማንም ውሸታም አላለውም።

ቻይናዊው የሥነ ጥበብ ሰው አይ ዌይዌይም በ1995 የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ከቻይና የሐን ነገሥታት ዘመን የቀረ ማሰሮ ከእጁ ለቆ ሲሰብር በሦስት ፎቶ አስነሥቷል። እሱ ደግሞ ጨርሶ አልጠገነውም።

ፍንካች

ኦሪቤ ቢያንስ ሊጠጣበት ነው የቆረጠው። ለአገልግሎት ነው። የዌይዌይን ግን አልቀበልም። ፎቶውን ካየሁ ጀምሮ ያመኛል። ማሰሮውን የሠራው ሰው ስሙ የለም፣ የሰበረው ግን ስሙ በዓለም ይታወቃል። ይህ ነገር አይከነክንም?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ይከነክናል። ግን አስተውሉ፣ እሱ ራሱ በ2010 ለንደን ቴት ሞደርን ውስጥ 100 ሚሊዮን የሱፍ አበባ ፍሬ በፖርሴሊን (ሲኒ በሚሠራበት ነጭ ሸክላ) አሠርቶ አነጠፈ። ቻይና ውስጥ ጂንግደጀን በምትባል ከተማ ከ1,600 በላይ ሰዎች በእጃቸው አንድ በአንድ ቀቡት። ያቺ ከተማ ለዘመናት የንጉሥ ሸክላ ስትሠራ የኖረች ናት። መጀመሪያ ሰዉ ይረግጠው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ የሸክላው አቧራ ለጤና ያሰጋል ተብሎ ታጠረ። ያኔ ለንደን ነበርኩ፤ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ነው ያየሁት። አንዱን ፍሬ ለማንሣት እጄ በላኝ። የሰበረውም ያሠራውም አንድ ሰው ነው፤ ሁለቱን ለይቼ ላየው አልቻልኩም።

መምህር_ጡረተኛ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ደስ እያለኝ ነው የተከታተልኩት። ኬሚስትሪ ለ31 ዓመት አስተምሬአለሁና ስለ ሸክላው ስለ ራሱ ትንሽ ልበል። ስለ ወርቁ ብዙ ተባለ፤ ስለ ነጩ ግን ማንም አልተናገረም።

ፖርሴሊን ከተራ ሸክላ የሚለየው በአፈሩና በእሳቱ ነው። ነጭ አፈሩ ካኦሊን ይባላል። ጂንግደጀን አጠገብ ካለ ጋውሊንግ ከሚባል ኮረብታ የተወሰደ ስም ነው። ሌላ ዓለት ተፈጭቶ ይደባለቅበታል። ከ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲጋይ ግማሹ ቀልጦ እንደ መስታወት ይሆናል። ስለዚህ ውኃ አይመጥጥም። ብርሃን በስሱ ያሳልፋል። ሲመቱት ይጮኻል። ሲሰበር ደግሞ እንደ ጀበና አይፈረፈርም፤ እንደ ምላጭ የሰላ ጠርዝ ይተዋል። ልጄ ረከቦት፣ ስባሪሽ በደንብ የሚገጥመው ለዚህ ነው። ሙጫ በቀላሉ የማይዘውም ለዚሁ ነው፤ ቶኪዮ_ነኝ በብርጭቆ ወረቀት ንኪው ያለሽ ትክክል ነው።

አውሮፓውያን ይህን ምሥጢር ለመቶዎች ዓመታት አላወቁትም። የጀርመኗ ግዛት የሳክሶኒ ገዢ አውግስጦስ ለቻይና ሸክላ ካለው ፍቅር የተነሣ በ1717 ስድስት መቶ ወታደሮቹን ለፕሩሲያ ንጉሥ ሰጥቶ 151 ዕቃ ተቀብሏል። ይኸው አውግስጦስ ቦትገር የሚባል ወጣት አስሮ ይዞ ነበር። ወንጀሉ ምን መሰላችሁ? ከተራ ነገር ወርቅ እሠራለሁ ማለቱ ነው። «በል ሥራ» ብሎ ቆለፈበት። ወርቁ አልመጣም። ቺርንሃውስ ከተባለ ሊቅ ጋር ሆኖ በ1708 ያወጣው ነጩን ሸክላ ነው። በ1710 ማይሰን ላይ ፋብሪካ ተከፈተ። ዛሬም ይሠራል።

ወርቅ ፍለጋ ገብቶ ፖርሴሊን ይዞ ወጣ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር።

ረከቦት

መምህር፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ስለ ወታደሮቹ ያነበብኩትን ለአክስቴ ነገርኳት። «ስድስት መቶ የእናት ልጅ በሳህን?» ብላ ቡናዋን አስቀመጠች። ረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

ፍንካች፣ ያንተ ጥያቄ ሌሊቱን ሲያንገላታኝ አደረ። ለመመረቂያ ሥራዬ የቀሩትንም ሁለት ሲኒዎች ልስበራቸው የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሦስት ተጠግኖ ቢቆም ያምራል ብዬ። ጠዋት ተነሥቼ አንዱን አንሥቼ አየሁት። ከታች፣ እግሩ ላይ፣ የእናቴ ጣት ዘወትር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሰማያዊው አበባ ደብዝዟል። በማጠብ ብዛት ነው። አልሰብረውም። እነዚያ ሁለቱ እንዳሉ ይቆያሉ። የምሠራው በተሰበረው ብቻ ነው።

አሁን የቀረኝ ያ የጠፋው ፍንካች ነው። ከንፈሩ ላይ ነውና በአፈር ድፍን ብቻ ልሙላው?

ቶኪዮ_ነኝ

መሙላት ይቻላል። ትንሽ ከሆነ እንደዚያ ነው የሚደረገው፤ ሙሉው ወርቅ ሆኖ ይታያል። ሌላም መንገድ አለ። ዮቢትሱጊ ይባላል። «ጠርቶ መጋጠም» እንደ ማለት ነው። ከሌላ ከተሰበረ ዕቃ ቁራጭ ታመጪና የጎደለውን ቦታ ትሞይበታለሽ። ቀለሙ፣ ሥዕሉ የተለየ ቢሆን ይመረጣል እንጂ አይጠላም። ነጭ ሳህን ላይ ሰማያዊ ቁራጭ፣ ከሌላ ቤት የመጣ።

ሰዓሊ_ከፒያሳ

ረከቦት! የጀበና ስባሪ።

ረከቦት

እንዴ። እጄ ተንቀጠቀጠ ይህን ሳነብ። አክስቴ አንገቱ የተሰበረ ጀበና አላት። አልጣልም ብላ ጓሮ ውስጥ እሬት ተክላበታለች።

ግን ይይዛል? ጥቁሩ ጀበና ውኃ ይመጥጣል። መምህር እንዳሉት ሲኒው አይመጥጥም።

መምህር_ጡረተኛ

ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ጀበና የሚጋየው ከፖርሴሊኑ እጅግ ባነሰ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው። ሙጫውን ይጠጣዋል። መጋጠሚያው ላይ የሚቀረው ጥቂት ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። መፍትሔውን ግን ሙያው ያለው ይንገርሽ።

ቶኪዮ_ነኝ

መምህር ትክክል ብለዋል። መምህሬን ጠየቅኳቸው። የሸክላውን ቁራጭ መጀመሪያ በቀጭን ጥሬ ኡሩሺ አጠጪው አሉ። እስኪጠግብ። ትርፉን ጥረጊ። ሳጥን ውስጥ አጠንክሪው። ከጠነከረ በኋላ እንደገና። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠጣ ቀዳዳው ይደፈናል። ከዚያ ነው የሚጋጠመው። ከንፈር የሚነካው ቦታ ስለሆነ ደግሞ ላይኛው ጠርዝ በደንብ መለበጥ አለበት።

ቁራጩን ሲኒው ላይ ከመግጠምሽ በፊት ደጋግመሽ ሞርጂው። ወረቀት በጠፋው ቦታ ላይ ለጥፈሽ ቅርጹን በእርሳስ አንሺ፤ በዚያ ልክ ቁረጪ። ትንሽ ትልቅ ሆኖ ይጀመር፤ የተረፈ ይፋቃል፣ ያነሰ አይጨመርም።

ስለ ኡሩሺው አትጨነቂ። በሐምሌ መጀመሪያ ለእረፍት እመጣለሁ። አንድ ትንሽ ቱቦና አንድ ግራም የወርቅ ዱቄት ይዤልሽ እመጣለሁ። ለአንድ ሲኒ ይተርፋል።

ፍንካች

ረከቦት፣ ይህ ሥራ ሲያልቅ ማየት እፈልጋለሁ። የትም ብታሳዪው እመጣለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር ልንገርሽ። ጃፓናዊቷ የሥነ ጥበብ ሰው ዮኮ ኦኖ በ1966 ለንደን ኢንዲካ ጋለሪ ውስጥ የተሰበረ ሸክላ፣ ሙጫና ክር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ተመልካቹ ራሱ እንዲጠግን አደረገች። ወርቅ የለ፣ ሙያ የለ። ሰው ቁጭ ብሎ ሁለት ቁራጭ በክር ያስራል። በኋላ ባሳየችው ላይ ቡናም ይጠጣ ነበር። ይህን ሳስብ ስለ ዌይዌይ ያልኩትን አልለወጥኩም፤ ስለ ሱቆቹ ግን ትንሽ ለዘብ አልኩ። ምናልባት የሚገዛው ሰው ራሱ የሚጠግነው ነገር ፈልጎ ይሆናል።

ረከቦት (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ይኸው።

ኡሩሺው ደርሶኛል። ቶኪዮ_ነኝ ቤት ድረስ ይዞ መጣ፤ አክስቴ ቡና ሳታጠጣ አልለቀቀችውም። ያልተሰበሩት ሁለቱ ሲኒዎች ላይ ነው የጠጣው።

ጀበናውን አክስቴ ራሷ ሰጠችኝ። እሬቱን ወደ ቆርቆሮ አዛውራ፣ አፈሩን አራግፋ። «ከሆዱ ውሰጂ፣ ከአንገቱ አትውሰጂ» አለችኝ። አንገቱ ስስ ነው፣ ሆዱ በእሳት የጠነከረ ነው አለች። ትክክል ነበረች። ከአንገቱ የሞከርኩት ገና ብርጭቆ ወረቀት ሲነካው ተፈረፈረ።

ቁራጩን ለመሞረድ ስድስት ምሽት ፈጀብኝ። ጠቆር ያለው ዱቄት ጥፍሬ ሥር ገብቶ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ገጠመ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወደ መብራት ሳነሣው በመጋጠሚያው በኩል ብርሃን ሾለከ። እንደገና ወረድኩበት። አሁን አይሾልክም።

ኡሩሺውን ሦስት ጊዜ አጠጥቼዋለሁ። አራቱ ስባሪዎች ትናንት ማታ ተጋጠሙ። ጥፍሬን አሳለፍኩበት፤ አንድ ቦታ ላይ፣ አበባው ሥር፣ በጣም በትንሹ ይሰናከላል። ልፈታውና ልደግመው አሰብኩ። ቶኪዮ_ነኝ በስልክ «ተዪው፣ በአፈሩ ይስተካከላል» አለኝ። ጥቁሩ የጀበና ቁራጭ ከንፈሩ ላይ ተቀምጧል። ወርቅ ገና የለም። ነጩና ጥቁሩ፣ በመካከላቸው ቡናማ የሙጫ መስመር።

ሳጥኑ የአክስቴ የድሮ የልብስ ሳጥን ነው። የራሰ ፎጣ አነጠፍንበት። ምድጃ ቤት ጥግ ላይ ነው ያለው፤ ሌሊት እንዳይበርደው። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። ጠዋት ተነሥቼ ስሄድ አክስቴ ቀድማኝ ፎጣውን አርጥባው ነበር።

ሁለት ሳምንት እንዳልከፍተው ተነግሮኛል።